ዶልዱም ምላጭ ርኅሩኅ ነውን?

በመካከላችን አንድ ሰው ሲመሰገን «ክፉ ቃል አይወጣውም፤ ለማንም ስለት የለው» ይባልለታል። ሲነቀፍ ደግሞ «ምላሱ ምላጭ ነው» ይባላል። ከእነዚህ ሁለት አነጋገሮች በስተጀርባ አንድ ያልተመረመረ እምነት አለ። ይኸውም ስለት ጭካኔ ነው፣ ዶልዱምነት ግን ርኅራኄ ነው የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ይህንኑ ነው። ለምርመራውም ምስክር አድርገን የምንጠራው ፈላስፋ ሳይሆን የሰው ጉሮሮ በየዕለቱ በእጁ የሚገባውን ጸጉር አስተካካይ ነው።

«ከስለታሙና ከዶልዱሙ ምላጭ የትኛው ይጎዳል?» ብንለው ሳያመነታ «ዶልዱሙ» ይለናል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በደንብ የተሳለ ምላጭ ጢሙን እንደነካው ይቆርጠዋል፤ የእጅ ጉልበት አይጠይቅም። የዶለዶመው ግን ጢሙን ከመቁረጥ ይልቅ አጎንብሶ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ላጪው ሳይታወቀው እጁን ያከብዳል፤ አንዴ ማለፍ በሚበቃበት ላይ ሦስትና አራት ጊዜ ይመላለሳል። እያንዳንዱ መመላለስ የቆዳውን የላይኛውን ስስ ሽፋን ይፍቃል። ደም ላይታይ ይችላል፤ ማታ ግን ፊት ይቃጠላል፣ ቆዳው ይቆጣል።

እዚህ ላይ የምንናገረው እጀታው ውስጥ ስለሚታጠፈው ስለ ረጅሙ ምላጭ ነው። በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ፣ በጀርመን አገር የዞሊንገን ከተሞች ስማቸው ከተጠራባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ተጠቅመው ለሚጥሉት ስስ ምላጭ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ ግን ረጅሙ ምላጭ ከብዙ ቤት ወጥቷል። በናይሮቢ፣ በኢስሊም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ «ኪንዮዚ» የሚል ጽሑፍ በለጠፈው ቤት ውስጥ ጸጉር የሚቆረጠው በኤሌክትሪክ ቶንዶስ ነው፤ ምላጭ የሚወጣው ጠርዙን ለማሳመር ነው። የሚጣለው ምላጭ ስለቱን ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል፤ ሲያልቅም ይጣላል። የረጅሙ ምላጭ ስለት ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። ለጥያቄያችን የሚጠቅመንም ይህ ነው።

ስለቱ እንዴት ይጠበቃል? መሳያ ድንጋዩ ዝርግ መሆን አለበት። ምላጩ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን እኩል እንዲነኩ ተጋድሞ፣ ስለቱ እየቀደመ ይገፋል። ድንጋይ የሚያስፈልገው ግን በወራት አንድ ጊዜ ነው፤ የየዕለቱ ሥራ የሚሠራው በቆዳ ጠፍር ነው። ከመላጨት በፊት ምላጩ በተወጠረ ጠፍር ላይ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይመላለሳል። በጠፍሩ ላይ ግን ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ሲገለበጥም በጀርባው በኩል ነው። ጠፍሩ ከላላ ወይም እጅ ከከበደ ስለቱ ይጎብጣል። ከተላጩ በኋላም ምላጩ ታጥቦ፣ እስኪደርቅ ተወልውሎ፣ ስስ ዘይት ተቀብቶ ይቀመጣል፤ በእርጥበት ያደረ ስለት ዝገት ይበላዋልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ምላጭ የሚሳለው በሰው ፊት ላይ አይደለም። ወደ ሰው ከመቅረቡ በፊት በድንጋይና በጠፍር ላይ ሥራውን ጨርሷል። ድንጋዩ በነካው ቁጥርም ከብረቱ ከራሱ ጥቂት ይወስዳል። የስለትን ዋጋ የሚከፍለው ምላጩ ነው እንጂ ተላጪው አይደለም። «እኔ እውነቱን ፊት ለፊት ነው የምናገር» እያሉ በየተገኘው ሰው ላይ አፋቸውን የሚፈቱ ሰዎች ይህን የዘነጉ ናቸው። ቃላቸውን አስቀድመው በራሳቸው ላይ አልሳሉትም፤ መሳያ ድንጋያቸው የጎረቤታቸው ፊት ነው።

ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። በስደት ከሚያጋጥሙ ሥራዎች ሁሉ የከበደው ክፉ ወሬ ማድረስ ነው። የአንዱ እናት አገር ቤት አርፋለች፤ የአንዷ ወንድም በመንገድ ቀርቷል፤ የሌላው ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል። ስልኩ የደረሰው ሰው ይጨነቃል። «ትንሽ አሟት ነበር» ይላል። በሳምንቱ «ሆስፒታል ገብታለች» ይላል። ሲጠየቅ ዓይኑን ይሰብራል። ባለ ጉዳዩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሳያውቅ ይሰነብታል፤ ወደ ውኃ ሰልፍ ሲጠጋ ጨዋታው ይቆማል፤ ሌሊቱን የሰማውንና ያልሰማውን ሲያገጣጥም ያድራል። ዶልዱም ምላጭ ማለት ይህ ነው፤ በአንዱ ቦታ ላይ ሦስትና አራት ጊዜ የሚመላለስ። ወሬውን የያዘው ሰው ራሱን ርኅሩኅ አድርጎ ያያል። ግን ያዘነው ለማን ነው? በአብዛኛው ያዘነው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ለቅሶውን በዓይኑ እንዳያይ ለራሱ ነው።

«ታዲያ እንደ ድንጋይ ይወርወርበት ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ከወግ ልማዳችን እናገኘዋለን። መርዶ የሚረዳው ማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ጎረቤት አስቀድሞ ያውቃል፤ ደግፎ የሚይዝ ክንድ በአጠገብ ይቆማል። ቃሉ ግን ሲነገር አንድ ጊዜ ነው፤ ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ነገ አይባልም። ስለዚህ ርኅራኄው ያለው በስለቱ መደነዝ ላይ ሳይሆን በዝግጅቱ ላይ ነው።

የላጪም ሥርዓት ይኸው ነው። ደረቅ ጢም ጠንካራ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። ውኃ በልክ በሚታደልበት ሰፈር እንኳ በአንድ ጣሳ ሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፊት ላይ ቢቆይ ይበቃል። ከዚያ የሳሙና አረፋ ነው። ከዚያ ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ፣ ጢሙ በበቀለበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይበልጥ ቀጥ ካለ ቆዳውን ይቆርጣል። በመጨረሻም ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከተገኘም ሸብ የሚባለው ነጭ ድንጋይ ነው።

ስለትም ቢሆን ወሰን አለው። እንደ ብዙዎቻችን ጢሙ ጥቅልል የሆነ ሰው ቆዳው ተወጥሮ ከበቀለበት በተቃራኒ ሲላጭ፣ ጸጉሩ ከቆዳው በታች ተቆርጦ ይቀራል። ሲያድግም ተጠምዝዞ የራሱን ቆዳ ይወጋል። አንገትና አገጭ ላይ ችፍ የሚለው እብጠት ከዚህ የመጣ ነው። መድኃኒቱም እስኪሽር መላጨትን ማቆም፣ ከዚያም ጥቂት ጢም እየተዉ መላጨት ነው። እውነት መናገርም እንዲሁ ልክ አለው። አንድ ስደተኛ ለምን እንደወጣ፣ ማንን ጥሎ እንደመጣ፣ በየትኛው ወገን እንደነበረ ሥሩ ድረስ ካልላጨሁት የሚል ሰው እውነት ወዳድ አይባልም። የማይታየውን ሲቆርጥ በኋላ የሚያብጠውን ይተክላል። ልንነግረው የሚገባን የእርሱ የሆነውን ነው፤ ልንመዘው የማይገባንም የእርሱ የሆነውን ነው።

ያስጠጋን አገር ሰዎች ስለ ምላጭ ሁለት የታወቁ የስዋሂሊ ተረቶች አሏቸው። አንደኛው «ምቶቶ አኪሊሊያ ዌምቤ፣ ምፔ» ይላል፤ ልጅ ምላጭ ብሎ ካለቀሰ ስጠው ማለት ነው። ቆርጦት ይማር እንደማለት ነው። ግትር ለሆነ ጎልማሳ ይህ ምክር ሊሠራ ይችላል። ዝግጅት ለሌለው ሰው ግን እውነትን እንዲያው ወርውሮ «ራሱ ጠየቀ» ማለት ከኃላፊነት አያድንም። ሁለተኛው «ምዌንዛኮ አኪኒዮሌዋ፣ ዌዌ ቲያ ማጂ» ይላል፤ ባልንጀራህ ሲላጭ አንተ የራስህን ጸጉር አርጥብ ማለት ነው። በእርሱ የደረሰው ነገ በአንተ ይደርሳልና ተዘጋጅ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ምክሩ የብልህ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል እንላለን። ውኃው በእጃችን ካለ፣ ከራሳችን በፊት ምላጭ የቀረበበትን የባልንጀራችንን ጸጉር ብናረጥብለት ምን ይከፋል?

የእኛም አገር ተረት አለ፤ «ውኃ ቢያንቅ በምን ይውጡ፣ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» የሚለው። ማስተካከያው ራሱ ሲበላሽ በምን ይስተካከላል ማለት ነው። ስለታም ሆኖ ንጹሕ ያልሆነ ምላጭ ይህን ያሳየናል። የአንዱን ደም ለሌላው ያሻግራል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ተሐዋሲ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ኤች አይ ቪም በጋራ ምላጭ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ረጅም ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚላጭ ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ምላጭ ያውጣ። በሽምግልና፣ በአስተርጓሚነት፣ በኮሚቴ የተቀመጠ ሰውም እንዲሁ ነው። ከአንዱ ድንኳን የያዘውን ቂም ሳያጥብ ወደ ሌላው ድንኳን ከገባ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን የሚያዛምተው በሽታ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዶልዱም ምላጭ ርኅሩኅ አይደለም፤ ሰነፍ ነው። የሚቀረውን ሥራ በተላጪው ቆዳ ላይ ይጨርሳል። ርኅሩኁ ምላጭ አስቀድሞ የተሳለው፣ የታጠበው፣ በሞቀ ውኃ ላይ የሚመጣው፣ አንዴ አልፎ የሚበቃው፣ ከቆዳው በታች የማይወርደው ነው።

በቋንቋችን የጠመንጃውም መሳቢያ ምላጭ ይባላል። ብዙዎቻችንን ከአገር ያስወጣን ያኛው ምላጭ ነው። ያኛው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህኛው ግን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ጉሮሮውን ካልሰጠ ሥራ የለውም። በሰፈራችን ትናንት በተለያየ ወገን የነበሩ ሰዎች ዛሬ አንዱ ለሌላው አገጩን ቀና ያደርጋል። እንዲህ ያለ አደራ የተቀበለ ሰው «ምላጬ ዶልዱም ስለሆነ አልጎዳህም» ሊለው አይገባም። ማታውኑ ጠፍሩን ወጥሮ ሊያድር ይገባዋል።