የአባ ጠግን መነጽር

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ የተሰበረ ዕቃ የማይጣልበት አንድ ሰፈር ነበር። የማይጣለው አባ ጠግን ስላሉ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ያንን ከረሳው ቆይቷል። ጆሮው የወለቀ ሲኒ፣ ሶሉ የተገነጠለ ጫማ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሬዲዮ፣ አንገቷ የተቀነጠሰ አሻንጉሊት፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ደጅ ይመጣል። ለጫማው ማስቲሽ፣ ለእንጨቱ ኮላ፣ ለቀረው ሁሉ ሱፐር ግሉ አላቸው። ዋጋ አይጠሩም። የሰጣቸውን ይቀበላሉ፤ ያልሰጣቸውንም መርቀው ይሸኛሉ።

ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው የዓይን ግፊት ስላለባቸው ማታ ማታ ጠብታ ይጨምራሉ። የጠብታዋ ብልቃጥ ትንሽ ናት፤ አፏ ሹል፣ ክዳኗ በጥምዘዛ የሚከፈት። የሱፐር ግሉዋም ብልቃጥ እንደዚያው ናት። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሴትዮዋ ጠብታቸውን በዳበሳ ሲፈልጉ አባ ጠግን ከተኙበት ደንግጠው ተነሡ። በማግስቱ ሙጫውን ሁሉ ሰብስበው ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ከተቱትና ከመኝታ ቤት አውጥተው ከሥራ ጠረጴዛቸው በላይ አስቀመጡት። ይህም አልበቃቸውም። የብርጭቆ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠው በእያንዳንዱ የሙጫ ብልቃጥ ወገብ ላይ ጠመጠሙበት፤ በጨለማ የነካው ጣት ሻካራነቱን እንዲያውቀው።

«ለዓይንሽ ብዬ ነው» አሏቸው።

የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአጠገባቸው አትለይም። ቁመቷ ገና አገጯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚያሳርፍ ነው። እዚያ ላይ ሆና ሁሉን ታያለች፤ ያየችውን ሁሉ ትጠይቃለች።

«አባባ፣ ይሄ ሙጫ ሁሉን ነገር ከያዘ ብልቃጡን ለምን አይዘውም?»

«እርጥበት ስላላገኘ ነው። ኮላው ውሃው ሲለቀው ይጠነክራል፤ ይሄ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ነው የሚጠነክረው። አየሩ ላይ ያለው፣ ጣትሽ ላይ ያለው ወዝ ይበቃዋል። አንድ፣ ሁለት ብለሽ ብዙም ሳትቆጥሪ ድንጋይ ይሆናል።»

ልጅቷ ዝም ብላ አሰበች።

«እንግዲያው ዓይን ይወዳል ማለት ነው።»

«እንዴት?»

«ዓይን እርጥብ ነዋ።»

አባ ጠግን በእጃቸው የነበረውን ሲኒ አስቀመጡ። ከግድግዳው ምስማር ላይ አንድ መነጽር ተንጠልጥሏል። የልጅቷ አባት ከሚሠራበት የብረታ ብረት ቤት ያመጣላቸው ነው፤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ግራና ቀኙ የተሸፈነ፣ ከኋላ በላስቲክ የሚታሰር። ሲቀበሉት «ትልቅ ሥራ ሲመጣ አደርገዋለሁ» ብለው ሰቀሉት። ትልቁ ሥራ አልመጣም። የሚመጣው ሲኒ ነው፤ የሚመጣው ጫማ ነው። ለአንዲት ጠብታ ሙጫ ማን መነጽር ያደርጋል?

አሁን አወረዱት። አቧራውን ጠርገው፣ ላስቲኩን አሳጥረው ለልጅቷ አጠለቁላት።

«እርስዎስ፣ አባባ?»

«እኔማ አርባ ዓመት ከሙጫ ጋር ኖሬያለሁ። ዓይኔ ለምዶታል።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የቤቱ ሕግ ሆነ። መነጽሩ ከልጅቷ ዓይን ላይ ሳይውል የብስኩቱ ቆርቆሮ አይከፈትም። ረስታ ብትመጣ ሥራው ይቆማል፤ ባለ ዕቃው ቢቸኩልም ይቆማል። መንገደኛው በበሩ ሲያልፍ እያያት ይሥቃል፤ የሰፈሩ ልጆችም «የጠፈር ተጓዥ» አሏት፤ እሷም ኮራችበት። አባ ጠግን በባዶ ዓይናቸው ወደ ሥራቸው ጎንበስ ይላሉ። ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ሥራውን ለማየት ከቀድሞው ይበልጥ ጠጋ ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው ሲኒ ይዘው እያለከለኩ መጡ። እንግዳ ተቀምጧል፤ ቡናው ፈልቷል፤ ረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ ጎድሏል። «ጆሮዋን ብቻ፣ ለነፍስዎ!» አሉ።

ቆርቆሮው ወረደ። ልጅቷ መነጽሯን አጠለቀች። የብልቃጧ አፍ ግን ካለፈው ሥራ ወዲህ ደርቆ ተደፍኗል። ጨመቋት፤ እምቢ አለች። መርፌ ከተው ነቀነቁት፤ አሁንም እምቢ አለች። ሴትዮዋ ከበሩ ሆነው «አቦሉ ተቀዳ እኮ!» አሉ። አባ ጠግን ቀዳዳውን ለማየት ብልቃጧን ወደ ፊታቸው አዞሯት፤ ልጅቷም ልታይ አንገቷን አስግጋ ገባች። እያዩ ጨመቁ።

የደረቀው ውታፍ ተስፈነጠረ። አንዱ ጠብታ ከመነጽሩ ላይ፣ ከልጅቷ ግራ ዓይን ትክክል አረፈና እዚያው ረጋ። ሌላው የአባ ጠግንን ቀኝ ዓይን አገኘው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡት አልገለጥ አለ።

ባለቤታቸው ነጠላቸውን ጨብጠው ሊጠርጉላቸው ደረሱ። አባ ጠግን «በጥጥ አይሆንም!» ብለው እጃቸውን ያዙ። ይህ ሙጫ ጥጥ ላይ ሲፈስ እንደሚግልና እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። በጣታቸው ሊከፍቱት ሲሞክሩ ደግሞ ሽፋሽፍቱ ቆዳውን ይዞ ተሳበ፤ አሁን ባለቤታቸው በተራቸው እጃቸውን ያዙ። «አይጎትቱት!» ባለ ሲኒዋ ሮጠው ሄደው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዘው መጡ። ከጣት ላይ ያላቅቃል፤ እውነታቸውን ነው። ዓይን ግን ፈጽሞ አይነካም፤ ይዘውት ተመለሱ።

የሚደረገው ሳይነግሯት የገባት ልጅቷ ናት። ለብ ያለ ውሃ በጆግ አምጥታ፣ አያቷን በጎን አስተኝታ፣ ከአፍንጫቸው በኩል ወደ ውጭ ቀስ እያለች አንቆረቆረችው። ጆጉ ሲያልቅ ሌላ፣ እሱም ሲያልቅ ሌላ። መነጽሩን ማውለቅ ትዝ አላላትም።

ሆስፒታል ሲደርሱ የዓይን ሐኪሙ ሳይቸኩል አጠባቸው። የተጣበቀውን ሽፋሽፍት በጥቂቱ ከረከመ፤ ቅባት አደረገ። «በጉልበት አንከፍተውም» አላቸው። «እንባዎ ይሥራ። ሙጫው በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይለቃል። ቢጎትቱት ኖሮ የዓይንዎን ገጽ ይዞ ይነሣ ነበር።»

እጁ ሥራ ላይ ሳለ፣ ሰውነታቸው እንዲረጋ ብሎ ያወራቸው ነበር። «ይህ ሙጫ እንዴት እንደተገኘ ያውቃሉ? በፈረንጆች 1942፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ሃሪ ኩቨር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልግ ነበር። ይሄ መጣ። የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገራቸው ተዉት። ጥቅሙ የገባቸው በ1951 ነው፤ በ1958 ገበያ ወጣ።»

«አጥርቶ ለማየት ሲሉ ነዋ ያገኙት» አሉ አባ ጠግን።

«አዎ፣ አጥርቶ ለማየት ሲሉ።»

ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ዞር ሲል ልጅቷን አያት። በጥፍሩ መነጽሩ ላይ ያለውን ጠብታ ነካው፤ ንቅንቅ አላለም። ከጠብታው ጀርባ ያለውን ዓይን አየ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ደህና ነው።

«ይህን ማን አደረገላት?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባ ጠግን።

«እንግዲያው ያውቁ ነበር።»

አባ ጠግን በአንድ ዓይናቸው መሬት መሬት አዩ። ለዚህ መልስ አልነበራቸውም።

በአራተኛው ቀን ሙጫው ለቀቀ፤ ዓይናቸው ተከፈተ። ገጹ ተጭሮ ስለነበር ብርሃን ይወጋቸዋል፤ የሚያዩት ሁሉ ጭጋግ ነው። ቅባቱን ሳያቋርጡ ቀቡ፤ ጭጋጉም እያደር ሳሳ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆርቆሮው አልወረደም። ሰፈሩ የተሰበረ ዕቃውን በየቤቱ አከማችቶ ጠበቃቸው።

ሲሻላቸው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፒያሳ ነው። ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብተው ጎንና ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ጠየቁ።

«ለምን ሥራ ነው፣ አባት?» አለ ሻጩ። «ለብየዳ ነው? ለድንጋይ ፈለጣ?»

«ለሲኒ» አሉ።

ሰውዬው ሊሥቅ ብሎ የቀላውን ዓይናቸውን አየና መነጽሩን ጠቅልሎ ሰጣቸው።

በማግስቱ ባለ ሲኒዋ ጎረቤት ያችኑ ሲኒ ከነተገነጠለ ጆሮዋ ይዘው መጡ። አያትና ልጅ ሁለቱም መነጽር አጥልቀው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለዋል። አባ ጠግን መርፌውን በእጃቸው ይዘዋል፤ የብልቃጧ አፍ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«ወይ ጉድ! ለአንዲት የሲኒ ጆሮ ሁለት መነጽር!» አሉ ሴትዮዋ፤ ሊያዩም ጠጋ አሉ።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው።

«እትዬ፣ ሦስተኛ የለንም። እስክንጨርስ ከደፉ ወዲያ ይቁሙልን።»

ሴትዮዋ አባ ጠግንን አዩ። እሳቸው ቀና አላሉም።

ሄደው ከደፉ ወዲያ ቆሙ።