አንቱ ያልተባሉት

ከወልቂጤ ተነስቶ መርካቶ የሚገባ የቸሃ ጉራጌ በመንገዱ ላይ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ያገኘዋል። መጀመሪያ ወሊሶ አካባቢ፣ የትውልድ አገሩ ጨቦ ላይ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በስሙ በሚጠራው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። ልጁ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ግን ከጨቦ የወጣው ገበያ ሊወርድ አልነበረም። የምኒልክ ጦር ማርኮ ነው የወሰደው።

ምርኮኛው በምኒልክ ቤት አደገ፣ ባለሟል ሆነ፣ ጦር መራ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጦር ሚኒስትር ሆኑ። እዚህ ላይ «ሆነ» ሄዶ «ሆኑ» መጣ። አማርኛ ለምርኮኛውና ለፊታውራሪው አንድ ግስ አይበቃውም። በታኅሣሥ 1919 እስኪያርፉ ድረስ «አባ መላ» የሚባሉት ፊታውራሪ በንጉሥ መንገሥና መውረድ ላይ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ።

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በዚሁ መንገድ መጥተዋል። ኦሮሞም ጉራጌም የኔ ናቸው ይላቸዋል። በልጅነታቸው ተሰልበው ከጦር ሜዳ እንደተነሱ ይነገራል፤ ከዚያ የዐድዋ መድፈኛ፣ የሲዳሞና የሐረር ገዢ ሆኑ፤ በ1929 ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

«የኛ አገር ባርነት እንደ አሜሪካው አይደለም» የሚል ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች መጥራት ይወዳል። ተማራኪ ልጅ ፊታውራሪና ደጃዝማች የሚሆንበት አገር ጨካኝ ሊሆን አይችልም፣ ነው ነገሩ። ስማቸው የቀረው ግን ጌታ ስለሆኑ ነው። ከዚያው ዘመቻ አብራ ተነድታ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ውሃ የቀዳች ልጅ ድልድይ የላትም። የእነሱ መውጣት የእሷን መቅረት አያስተባብልም፤ ሁለቱ የወጡበት ቤት የሚተዳደረውም በእሷ ጉልበት ነበር።

የዘመኑ ታላላቅ ቤቶች፣ ቤተ መንግሥቱ ጭምር፣ እንጨቱንም ውሃውንም ወፍጮውንም በባሪያ ያሠሩ ነበር። በ1887 ምኒልክ ወላይታ ሲዘምቱ አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ሰው ከከብት ጋር እንደ ምርኮ ሲከፋፈል አይቶ ጽፏል። ምኒልክ ዐድዋ ላይ ያቆሟት አገርም እውነት ናት፣ ይህም እውነት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፦ አገርን ያቆመ ሰው የሰው ባለቤት ከሆነ፣ ልጅ ልጆች እንዴት ያስታውሱት?

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዘመኑ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ግን የዚያን ዘመን ሰዎች ይሰድባቸዋል፤ የማያውቁ ያስመስላቸዋልና። ያውቁ ነበር። ነገሥታቱ ይዳኙበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን፣ ባሪያ የሚያደርገው ጦርነትና ጉልበት መሆኑን ይናገራል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም ከመልካም ሥራ ይቆጥራል። ከዚያ ዞር ብሎ የባሪያን ጉዳይ በአንቀጽ ይደነግጋል። የወልቂጤና የቡታጅራ ሙስሊምም ቁርኣኑ ባሪያ ነጻ ማውጣትን የኃጢአት ማካካሻ እንዳደረገው ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ ንግዱን ከልክለዋል፤ አፄ ዮሐንስ በ1876 ከእንግሊዝ ጋር ይህንኑ ተዋውለዋል፤ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ንግዱን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁን ያስነገሩና ምርኮውን የተካፈሉ ሰው አንድ ናቸው። ስለዚህ የዛሬ ሰው በዛሬ ሚዛን ልመዝን ብሎ መጨነቅ አያስፈልገውም፤ የገዛ አዋጃቸው ይበቃል።

ደግሞም ሃይማኖቱ ራሱ «ባሪያ» የሚለውን ቃል ወዶታል። ገብረ ሥላሴ፣ አብዱልከሪም፤ ሁለቱም የአምላክ ባሪያ ማለት ናቸው። በአምላክ ፊት ክብር የሆነው ቃል በጎረቤት አፍ ሲመጣ ስድብ የሆነው፣ መሐል ላይ ሰው የአምላክን ቦታ ስለወሰደ ነው።

ዝምታው ለምን በረታ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ጣሊያን ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1916 ነበር፤ በመግቢያዋ ላይ የተነሳው ዋናው ክርክርም ባርነት ነበር። መጋቢት 22 ቀን በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ሙሶሊኒ በ1928 ሲወርር ያንኑ ባርነት ሰበብ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስለ ባርነት ማንሳት የጠላትን ወሬ ማራገብ መሰለ። ጠላት በሐሰት ልብ እውነት ሊናገር መቻሉን ግን የተሸነፈም ያሸነፈም አይወደውም።

ሌላው ምክንያት ቅርብ ነው፣ እዚያው ደጃፍ ላይ። ጉራጌ ስለ ራስ ጎበናና ስለ ምኒልክ ጦር ሲያወራ የተበደለ ነው፤ ትክክልም ነው። ወልቂጤ ጎን ያለው የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ደግሞ የሸዋን ጦር የተቋቋመ ጀግና ሆኖ ይወሳል፤ የጀብዱ ሜዳው ውጊያ ዛሬም ይተረካል። ነገር ግን ቀቤና በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ መተላለፊያ ነበረች፤ የሐሰን ጦርም ጎረቤቶቹን የጉራጌ ቤቶች ወግቷል። ጅማም እንዲሁ ናት፦ አባ ጅፋር ከተማዋ የምትኮራባቸው ንጉሥ ናቸው፣ የጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ይጎበኛል፤ የሂርማታ ገበያ ሰው ይሸጥበት እንደነበር ግን ከጎብኚው ጆሮ ይርቃል። አንዱ ሕዝብ የሌላውን ጌታ ይከሳል፣ የራሱን ጌታ ይዘፍናል። የምኒልክን ዘመቻ ተጎጂዎች የሚያስበው የአኖሌ ሐውልት በ2006 አርሲ ውስጥ ሲቆምና የምኒልክ ሐውልት አራዳ ላይ ሲከበር የተነሳው ጭቅጭቅ የሚከርረው ለዚህ ይመስላል፤ ሁሉም በሰው ጀግና ነው የሚጀምረው።

በቸሃ ቢጀመርስ? ፉጋ የሚባለው የእንጨት ሠሪ ወገን የጎጆውን ምሰሶ የሚያቆም ባለሙያ ነበር፤ ያለ እሱ ቤት አይሠራም፣ ሥርዓቱም አይሞላም። መሬት ግን አልነበረውም፣ ማዕድ አይቀርብም፣ ጋብቻም ከእሱ ጋር የለም። ፉጋነት ባርነት አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት ስህተት ነው። የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ፦ ሁለቱም አንቱ አልተባሉም።

ሌላው ዓለም የሞከረውን ማየት አይከፋም። የብሪስቶል ሰዎች እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 የባሪያ ነጋዴውን የኮልስተንን ሐውልት ወደብ ውስጥ ጣሉት፤ ከተማዋ ግን አውጥታ፣ ቀለም እንደተቀባ፣ አጋድማ በሙዚየም አሳየችው። የቶማስ ጄፈርሰን ቤት ሞንቲቼሎ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ቤቱን አላፈረሰም፣ በባርነት የያዟትን የሳሊ ሄሚንግስን ታሪክ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በቋሚነት ለጎብኚ ያሳያል። ለኢትዮጵያ የሚሻለው ይህኛው ነው። ሐውልት ማፍረስ የጣሊያን ልማድ ነበር፤ የምኒልክን ሐውልት ያነሱት እነሱ ናቸው። የሚያስፈልገው ጽሑፍ መጨመር ነው፦ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ «ተማርኮ የመጣ» የሚል፣ በጅሬን ግቢ የቀዱትንና የፈጩትን የሚያነሳ፣ ወልቂጤ ላይ የተሸጡትን የሚቆጥር።

የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ ሲቀመጡ ስለ ካሳ የሚነጋገሩት ጥፋቱ ከተነገረ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም፤ መጀመሪያ የተደረገው ይነገራል። ጀግናን መካድም ማምለክም ይህን ቅደም ተከተል ያፈርሳል። ሀብተ ጊዮርጊስ ትልቅ ዳኛ ነበሩ፤ ስለ ብልሃታቸው የሚነገረው ብዙ ነው። በዳኝነታቸው ያመነ ሰው እሳቸውንም ወደ ሸንጎ ማቅረብን እንደ ንቀት ሊያየው አይገባም።

በየዓመቱ በመስቀል የቸሃ ልጅ ከያለበት እምድብርና በየመንደሩ ይገባል፤ ክትፎው ይቀርባል፣ ዘር ይቆጠራል። ዘንድሮ ሽማግሌ አጠገብ የሚቀመጥ ወጣት አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ «አባባ፣ በዚህ ግቢ የኖሩ፣ ዘራቸው ያልተቆጠረ እነማን ነበሩ?» ስም ከወጣ ይጻፈው። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ነው የወጣው፤ የዚያን ቀን ነጻ ከወጡት ሰዎች ልጆች ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ።