ባናየውም ያየናል



በአንድ ሱባኤ ላይ «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የቤተ ልሔምን ግርግም በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ» ብዬ አስተንትኖ መራሁ። ከጸሎቱ በኋላ አንዲት እናት ቀርበው፥ «አባ፥ እኔ የሚታየኝ ጨለማ ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» አሉኝ። እኔም «ይበልጥ ይትጉ» አልኳቸው። መልሴ ስሕተት ነበር።

ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1548 በታተመው «መንፈሳዊ ልምምዶች» የወንጌሉን ስፍራ በኅሊና መመልከትን አስተምሯል። መንገዱ ብዙዎችን ጠቅሟል። ይሁን እንጂ የሰው ሁሉ ዓይነ ኅሊና እኩል አይደለም፤ አንዱ በዓይኑ እንደሚያይ ያህል አጉልቶ ይስላል፥ ሌላው አንዳች ሥዕል አይመጣለትም። የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ሁኔታ «አፋንታዝያ» ብለው ሰይመውታል። የአእምሮ ጠባይ እንጂ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላም ክርስቶስን በሐሳቧ መሳል እንደማይሆንላት በሕይወት ታሪኳ ጽፋለች። ራሷንም ከሰው ጋር በሚነጋገር ዕውር መሰለች፤ አያየውም፥ መኖሩን ግን ያውቃል። ስለዚህም ቅዱሳት ሥዕላትን ትወድ ነበር። ይህችው ቅድስት እ.ኤ.አ. በ1970 የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ተብላ ታወጀች።

እንግዲህ ሥዕል የማይመጣላችሁ ወገኖች፥ ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ በቅዱስ ሥዕል ፊት ተቀመጡ፤ ወይም በዝምታ ከእርሱ ጋር ሁኑ። የሚጎላላችሁም ሥዕሉን ራሱን ጌታ አታድርጉት። እኒያን እናት ዳግመኛ ባገኘኋቸው ጊዜ ይቅርታ ጠይቄ ያልኳቸው ይህን ነው፦ «እርስዎ ባያዩትም እርሱ ያይዎታል።»