በግቢ የሚለኮስ እሳትና የጎረቤት ፈቃድ

ሰው በገዛ ግቢው የለኮሰው እሳት እስከ ምን ድረስ የእርሱ ነው የሚለው ጥያቄ በይፋት ቆላ፣ በተለይም በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ፣ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ክብደት አለው፤ በዚህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአጥር ተዋስነው ይኖራሉ፣ ለመኖ፣ ለማገዶና ለአጥር የሚሆነው የማሽላ አገዳም በየግቢው ይከመራል።

ጥያቄውን አጥብቆ የሚያነሣው ኅዳር 12 ቀን ነው። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ፣ ማለትም በቅዱስ ሚካኤል በዓል ቆሻሻን በየደጃፉ ሰብስቦ ማቃጠል፣ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚነገርና ጢስ አየሩን ያነጻል ከሚል እምነት የመነጨ ነው። ለሕያዋን ጤና የሚለምን በመሆኑ ልማዱ ክብር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ወሩ በቆላው ማሽላ የሚታጨድበትና አገዳ የሚደርቅበት ሲሆን፣ ዛሬ ከጥራጊው ጋር የሚነደው ፌስታልም ጢሱን ለሕፃንና ለአስም ሕመምተኛ መርዝ ያደርገዋል።

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እሳት ተነሥቶ የሌላውን ክምር ወይም ያልታጨደ እህል ቢበላ አቃጣዩ እንዲክስ ሲደነግግ፣ እሳቱ ለምን ዓላማ እንደ ተለኮሰ አይጠይቅም። በእስልምናም ሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፈው ቃልና ተግባር፣ ሰው ሲተኛ በቤቱ እሳት እንዳይተው ያዛል፤ መጉዳትንም ጉዳትን በጉዳት መመለስንም ይከለክላል። እንግዲህ በሁለቱም ዘንድ የዓላማ ቅድስና ለኳሹን ከኃላፊነት አያድነውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 ባለይዞታው ከመልካም ጉርብትና ልክ የሚያልፍ ጢስና ጥላሸት እንዳያስነሣ ይከለክላል። ልኩን በሜትር አለመወሰኑ ጉድለት ቢመስልም ትክክል ነው፤ ዝናብ ባራሰው የደጋ ግቢ የሚታለፈው እሳት፣ ነፋስ በበዛበት ደረቅ ቆላ ሊታለፍ አይችልምና።

ከባዱ ጥያቄ ልኩ ማለፉን ማን ይናገራል የሚለው ነው። ጎረቤት ይሉኝታ ይይዘዋል፤ እሳቱ ለሌላ ሃይማኖት በዓል የተለኮሰ ሲሆን ደግሞ መናገር እምነትን መንካት መስሎ ስለሚታየው ጢሱን ችሎ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ እንደ ፈቃድ መቁጠር በደል ነው። ስለዚህ የመጠየቁ ግዴታ በለኳሹ ላይ መውደቅ ይገባዋል፤ የቀበሌ ደንብም ቢወጣ በዓሉን ከመከልከል ይልቅ ለኳሹ ጎረቤቱን አስቀድሞ እንዲያስፈቅድ፣ ፌስታልና ፕላስቲክ እንዳያነድ፣ ከክምርና ከአጥር እንዲርቅ፣ ፍሙንም ውኃ አፍስሶ ሳያጠፋ እንዳይተኛ ቢያዝ ይሻላል። የመስቀል ደመራ በታወቀ ቀንና ቦታ፣ በብዙ ዓይን ፊት ስለሚነድ ጠባቂው ብዙ ነው፤ የግቢውን እሳት ግን ከለኳሹ በቀር የሚጠብቀው የለም።