በብርድ ወራት ስለሚመገቡ ወፎችና ስለ ታማኝ ምጽዋት

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 10 በገበያ በጥቂት ዋጋ የምትሸጠው ድንቢጥ እንኳ ከአብ ዕውቀት ውጭ እንዳልሆነች አስተምሮናል። እንግዲህ ስለ ወፍ መናገር ለስብከት አይገባም የሚል ቢኖር፥ ይህን ያስተማረ ማን እንደ ሆነ ያስብ።

በአገራችን ክረምት የዝናብና የልምላሜ ወራት ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን በብርዱ ወራት ምድር በበረዶ ትሸፈናለች፥ ውኃውም ይረጋል፥ ሌሊቱም ይረዝማል። በዚያ አገር ቺካዲ የምትባል ራስዋ ጥቁር የሆነ ትንሽ ወፍ አለች፤ ክብደትዋም 11 ግራም ያህል ነው። ወደ ሞቃት አገር አትሰደድም። በመከር ወራት ፍሬ ለቅማ በዛፍ ልጥ ውስጥ ትሰውራለች፥ በብርድም ጊዜ ስፍራውን አስታውሳ ታወጣዋለች። በሌሊት የሰውነትዋን ሙቀት እስከ 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጋ፥ ቀን ያከማቸችውን ስብ እስኪነጋ ድረስ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ሲነጋ እንደ ገና መብል መፈለግ ግድ ይሆንባታል።

የዚያ አገር ሰዎች ይህን አይተው በየጓሮአቸው ገበታ ሰቅለው የፈረንጅ ሱፍ ፍሬና ሞራ ያኖሩላቸዋል፤ በመስኮትም ሆነው ወፎቹን እየተመለከቱ ደስ ይላቸዋል። በዊስኮንሲን ተደርጎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 የታተመ ምርመራ እንዲህ ያስረዳል፤ ገበታ ካላቸው ቺካዲዎች ከመቶው 69 ያህሉ የብርዱን ወራት በሕይወት ሲያልፉ፥ ገበታ ከሌላቸው ግን ያለፉት 37 ያህሉ ብቻ ናቸው። ልዩነቱም የታየው ብርዱ እጅግ በበረታበት ወር ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

ፊተኛው፥ ምጽዋት ጊዜ አላት። ወደ ደጅ መውጣት ለሰጪው እጅግ የሚከብድበት ቀን፥ ስጦታው ነፍስ የሚያድንበት ቀን እርሱ ነው። በደኅናው ቀን ሰጥቶ በክፉው ቀን ደጁን የሚዘጋ ሰው ለራሱ ደስታ ሰጠ እንጂ ለችግረኛው አልሰጠም።

ሁለተኛው፥ ምጽዋት ንጹሕ ትሁን። ያልተጠረገ ገበታና የሻገተ ፍሬ በሽታ ያመጣሉ። በብሪታንያ ከ2005 ጀምሮ ወፎች ተሰብስበው በሚመገቡበትና በሚጠጡበት ስፍራ የሚተላለፍ በሽታ ግሪንፊንች የሚባሉትን ወፎች እጅግ አሳነሳቸው። እኛስ ለራሳችን የማንበላውን ለድኃ ሰጥተን ዋጋ እንጠብቃለንን?

ሦስተኛው፥ ሰጪ አይታበይ። በገበታ አጠገብ የምትኖር ቺካዲ እንኳ የሚበልጠውን መብልዋን የምታገኘው ከዱር ነው። መጋቢው እግዚአብሔር ነው፤ እኛ የአንድ ብርቱ ቀን አገልጋዮች ነን።

ደግሞም ለወፍ ሲል በረዶ የሚጠርግ ሰው፥ የጎረቤቱ ምድጃ መንደዱንና መጥፋቱን ሳያውቅ ቢቀር ምን ይጠቅመዋል? እኛም በሐምሌ ዝናብ ጣራው የሚያፈስበትን፥ ልጆቹም በብርድ የሚንቀጠቀጡበትን ጎረቤታችንን እናስብ። ነገ እንሄዳለን አንበል፤ ለእርሱ ሌሊቱ ረጅም ነውና። ለድንቢጥ የሚያስብ አምላክ ልባችንን ያነቃቃልን። አሜን።