በእኛ ፈንታ የተመለሰው መልስ

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፤ ሴት ልጅም በተወለደች በ80 ቀኗ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስደው እንዲጠመቁ ሥርዓታችን ያዝዛል። በዚያች ሰዓት ሕፃኑ አይናገርም፤ የሚጠየቀውንም አያውቅም። ስለዚህ የክርስትና አባቱ፤ ለሴቷም የክርስትና እናቷ፤ በሕፃኑ ፈንታ ቆመው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ደግሞም ወደ ምሥራቅ ዞረው ሃይማኖትን ይመሰክራሉ። ካህኑም ያጠምቀዋል፤ በቅብዐ ሜሮን ያትመዋል፤ ማተቡን ያስርለታል፤ በዚያውም ዕለት ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙ ያቀብለዋል። እንዲህ ሆኖ በክርስትና በር ስንገባ የመጀመሪያውን ቃል የተናገረልን ሌላ ሰው ነው።

ይህንንም ቤተ ክርስቲያን ያደረገችው በከንቱ አይደለም። ያ በቅፍርናሆም የነበረው ሽባ በአራት ሰዎች ሸክም ጣራ ተነድሎ ወደ ጌታችን ፊት በወረደ ጊዜ፤ ጌታ የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ለእርሱ ኀጢአቱን እንደ ተወለት ቅዱስ ማርቆስ ጽፎልናል (ማር. 2፥3-5)። ስለዚህ የሌላው እምነት ለደካማው እንደሚረዳ አንጠራጠርም። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ሰውየው ሲገባ አራት ሰዎች ተሸክመውታል፤ ሲወጣ ግን አልጋውን ራሱ ተሸክሞ ነው የወጣው። ከተፈወሰ በኋላ በአልጋው ላይ እንደ ተኛ አራቱ ተሸክመው ይመልሱኝ ቢል ኖሮ፤ መፈወሱን ማን ባመነው ነበር?

እኛስ ሃያና ሠላሳ፤ አርባና ኀምሳ ዓመት የሞላን ክርስቲያኖች፤ በእኛ ፈንታ የተመለሰውን መልስ የራሳችን መልስ አድርገነዋልን? ወይስ ዛሬም በሰው ጀርባ ላይ ነን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ይህን ነው።

እግዚአብሔር አዳምን ከበደለ በኋላ ወዴት እንዳለ የጠየቀው የተሸሸገበት ዛፍ ጠፍቶት አይደለም (ዘፍ. 3፥9)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የሚጠይቀው እኛ መልስ እንድንሰጥ ብሎ ነው፤ መልስ የንስሐ በር ነውና። የተሸሸጉት ሁለት ሲሆኑ ጥያቄው የመጣው ለአንድ ሰው እንደሚሆን ሆኖ ነው፤ «አንተ» ይላል እንጂ «እናንተ» አይልም። አዳም ግን በሩ ተከፍቶለት ሳለ በሌላ መንገድ ሄደ። ሴቲቱን አመካኘ፤ ይባስ ብሎም እርስዋን የሰጠው እርሱ ፈጣሪው መሆኑን ጨምሮ ተናገረ። ሴቲቱም በተራዋ እባቡን አመካኘች። አበው እንደሚያስተምሩን ከመብላታቸው ይልቅ ይህ ማመካኘታቸው አሳዘነ፤ የበላ ሰው «በደልሁ» ቢል ይቅር ይባላል፤ «እርስዋ ናት» ለሚል ግን ይቅርታው በማን ላይ ይረፍ?

በእኛም ዘንድ ይህ ልማድ መልኩን ለውጦ ይታያል። ብዙ ሰው የንስሐ አባት አለው። አባትም በበዓል ቀን ወደ ቤቱ መጥተው ጸበል ይረጩለታል፤ ማዕዱን ይባርኩለታል፤ እርሱም እንደ ዐቅሙ አስተናግዶ በክብር ይሸኛቸዋል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግን ኀጢአቱን አይነግራቸውም፤ እርሳቸውም አይጠይቁትም። ስለ ነፍሱ ያነሣበት ሰው ቢኖር «የንስሐ አባት አለኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ሐኪም ያለው ሰው መድኀኒቱን ሳይጠጣ የሚድን ይመስል። ሌላው ደግሞ አያቱ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን፤ እናቱ የዘከሩትን ዝክር እየቆጠረ በእነርሱ ጾም ለመጽደቅ ያስባል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን የአባት ጽድቅ ለልጅ፤ የልጅም ኀጢአት ለአባት እንደማይቈጠር አስረድቷል (ሕዝ. 18፥20)።

የምንወቅሰውም ምእመኑን ብቻ አይደለም። ምእመኑ «ካህናቱ አላስተማሩንም» ይላል፤ ካህኑ «ሕዝቡ አልሰማ አለኝ» ይላል፤ ኋላም ሁለቱ ተስማምተው «ዘመኑ ከፋ» ይላሉ። ዘመን ግን ንስሐ አይገባም፤ ሥጋ ወደሙም አይቀበልም። ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን አንሥቶ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ታገኝ የነበረው ከእስክንድርያ መንበር ስለ ሆነ፤ የትምህርቱ መጓደል በመንገዱ ርቀትና በቋንቋው ልዩነት ሊመካኝ ይቻል ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያውያን አባቶች በጵጵስና ተሾሙልን፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ይህ በብዙ ድካም የተገኘ ሹመት ክብር እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ዕዳ መሆኑን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስቡት። ከዚያ ወዲህ የጎደለብንን ሁሉ በባሕር ማዶ ልናሳብብ አንችልም።

የሳሙኤልን ነገር እንመልከት (1ኛ ሳሙ. 3)። ብላቴናው በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ እግዚአብሔር ጠራው። እርሱም ፈጥኖ ተነሥቶ ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። ሳሙኤል ሰነፍ አልነበረም፤ ታዛዥ ነበር፤ በሌሊት ከእንቅልፉ ለመነሣት አልከበደውም። መታዘዙ መልካም ሲሆን የጠራውን ግን አላወቀም። ዛሬም በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሮጡ፤ በማኅበሩም በጉባኤውም የማይታጡ፤ ነገር ግን የሚሮጡት የሰው ድምፅ ሰምተው የሆነ ብዙዎች ናቸው። አለቃው ሲጠራቸው ይመጣሉ፤ አለቃው ሲለወጥ ይቀራሉ።

በዚህ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀን ግን የዔሊ ሥራ ነው። ዔሊ ዐይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ነው፤ ልጆቹን አፍኒንንና ፊንሐስን ገሥጾ ስላላቀናቸው የተወቀሰ አባት ነው። ያም ሆኖ በሦስተኛው ጊዜ ነገሩ በተገለጠለት ጊዜ «ካህኑ እኔ ነኝና እኔ ልስማልህ» አላለም። ብላቴናውን ወደ መኝታው መለሰው፤ ደግሞ ቢጠራ ምን ብሎ እንዲመልስ አስተማረው፤ ከዚያም ብቻውን ተወው። የአባትነት ሥራ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ። መልሱን አስተማረው እንጂ በእርሱ ፈንታ አልመለሰለትም። የንስሐ አባት ልጁን ወደ ራሱ ብቻ እንዲሮጥ ያስለመደው እንደ ሆነ፤ ልጁ ሌሊቱን ሁሉ ሲሮጥ ያድራል እንጂ የእግዚአብሔርን ቃል አይሰማም።

ደግሞም ሳሙኤል የሰማው የመጀመሪያ ቃል በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበረ። ሲነጋ ብላቴናው ለመናገር ፈራ፤ ሽማግሌው ግን አንዳች እንዳይሰውረው አማለው፤ በሰማም ጊዜ አልተቈጣም። ካህናት አባቶቻችን ይህን ደግመው እንዲያስቡት እንለምናለን። ምእመናንን እግዚአብሔርን እንዲሰሙ ያስተማረ መምህር፤ አንድ ቀን ስለ ራሱ የሚነገረውን ከተማሪው አፍ ለመስማት መዘጋጀት ይገባዋል። አንዳንዱ መምህር ከማስተማር የሚዘገየው ይህን ፈርቶ ይሆን?

አሁን ጥሪው ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ወደሚሰማበት ቦታ፤ ወደ ቅዳሴው እንምጣ። ጌታችን ታላቅ እራት ስላዘጋጀው ሰው በመሰለው ምሳሌ፤ ከተጠሩት አንዱ እርሻ፤ ሁለተኛው አምስት ጥምድ በሬ ገዝተው ነበር፤ ሦስተኛውም ሚስት አግብቶ ነበር (ሉቃ. 14፥16-24)። ከሦስቱ አንዱ እንኳ የሰረቀ፤ የገደለ ወይም ያመነዘረ የለም። እርሻ፤ በሬና ትዳር ለአገራችን ሰው የኑሮው ምሰሶዎች ናቸው። ከእራቱ የቀሩት በመልካም ነገር አመካኝተው ነው፤ ባለቤቱም የተቈጣው በዚሁ ነው።

በእሑድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሞልቶ እናያለን። የቁርባን ሰዓት ሲደርስ ግን ሕፃናት በእናቶቻቸው ዕቅፍ፤ አረጋውያን በምርኩዛቸው ይቀርባሉ፤ በመካከል ያለው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ይመለከታል። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚማሩ ወጣቶች ወደ ማዕዱ መቅረባቸው ደስ ያሰኘናል፤ ይሁን እንጂ ቁርባንን የልጅነትና የእርጅና ነገር አድርጎ የማየት ልማድ ገና አልጠፋም። ያም ሦስተኛው እድምተኛ በመካከላችን አለ። ብዙ ሰው በሰማንያ ውል ይጋባል፤ በቁርባን ማጽናቱን ግን ለነገ ይለዋል። በሰማንያ የተጋባ ቢጣላ ይፈታል፤ በቁርባን የተጋባ ግን እስከ ሞት ታስሯል፤ ስለዚህ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ልጆች ይወለዳሉ፤ የልጅ ልጆች ይመጣሉ፤ ራስ ይሸብታል፤ በሩ እንደ ተገረበበ ነው። ከዚህ ቤት ማንም ላይወጣ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እወጣ ይሆናል በማለት ብቻ ባልና ሚስት ዕድሜያቸውን ሁሉ ከማዕዱ ውጭ ይቆማሉ።

ሰዎች «ለምን አትቀርብም?» ሲሏቸው «አልበቃሁም» ይላሉ። ይህ ቃል ትሕትና ስለሚመስል የሚደፍረው የለም። ሙሴም አፉ ኰልታፋ፤ ምላሱም ጸያፍ መሆኑን ተናግሮ ነበር (ዘጸ. 4፥10)፤ ኤርምያስም ብላቴና መሆኑን፤ ጌዴዎንም በአባቱ ቤት ታናሽ መሆኑን ተናግረዋል። ይህን መናገራቸው አላስወቀሳቸውም። የእግዚአብሔር ቍጣ በሙሴ ላይ የነደደው፤ እርዳታ ከተሰጠው በኋላም ሌላ ሰው እንዲላክ በለመነ ጊዜ ነው (ዘጸ. 4፥13-14)። የመቶ አለቃውም ጌታ ወደ ቤቱ ሊገባ እንደማይገባው ተናገረ፤ ነገር ግን ይህን ያለው ብላቴናውን እንዲያድንለት ከለመነ በኋላ ነው (ማቴ. 8፥5-8)። እንግዲህ እውነተኛው ትሑት «አልበቃሁም» እያለ ይቀርባል፤ ሐሰተኛው ትሑት «አልበቃሁም» ብሎ ይቀራል።

ይህን ስንል ማንም ሳይዘጋጅ ይድፈር ማለታችን አይደለም። ንስሐ መግባት፤ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፤ የ18 ሰዓቱን ጾም መጠበቅ ይገባል። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱን እንዲመረምር ያዘዘው ራሱ የሚቀርበውን ሰው ነው፤ ያዘዘውም መርምሮ መቅረትን ሳይሆን መርምሮ መቅረብን ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥28)።

ጥሪው ለሁሉ በአንድ ድምፅ ሲመጣ ሰሚው አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ3ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበረው ወጣቱ እንጦንስ፤ ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ ታናሽ እኅቱን ይዞ ሲኖር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን በገባበት ቀን ጌታ ለባለጸጋው ጐልማሳ የተናገረው ወንጌል ሲነበብ ሰማ (ማቴ. 19፥21)። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈልን ቃሉ ለእርሱ የተነበበ መስሎ ተሰማው፤ ወጥቶም ርስቱን ሰጠ። ያን ዕለት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሌሎችም ቆመው ነበር። ሁሉም ያንኑ ቃል ሰሙ፤ ወደ ቤታቸውም ሄዱ። በየዓመቱ ጥር 22 ቀን በዓሉን የምናከብርለት ግን ለሁሉ የተነበበውን ለራሱ የወሰደው እንጦንስ ነው።

ሁሉ ወደ በረሓ ይውጣ አንልም። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችንና ጭፍሮችን ያዘዛቸው በሥራቸው ላይ ሆነው ከታዘዘው በላይ እንዳይወስዱ፤ ሰውን እንዳይገፉ፤ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነው (ሉቃ. 3፥12-14)። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግል እኅታችን፤ በአቅራቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ሳታገኝ፤ ጾሙን የሚያስታውሳት ደወል ሳትሰማ፤ ከማእድ ቤት ሥራዋ ሳትርቅ ዐቢይ ጾምን ከጾመች መልስ ሰጥታለች። እርስዋን ማንም አላያትም፤ «አልተመቸኝም» ብትልም የሚፈርድባት አልነበረም።

አቡነ ጴጥሮስም በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት አባቶች አንዱ ናቸው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ለአገዛዙ እንዲገዙና ሕዝቡንም እንዲያስገዙ ተጠየቁ። ማመካኛ አላጡም ነበር። «መንጋው ያለ እረኛ እንዳይቀር ልኑር» ማለት ይችሉ ነበር፤ ይህንም ብዙ አስተዋይ ሰው ባመሰገነው። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። መንጋውም ያለ እረኛ አልቀረም።

የክርስትና ልጅ ያላችሁ ሁሉ፤ ልጁ ነፍስ ባወቀ ጊዜ ጥሩትና በጥምቀቱ ቀን በእርሱ ፈንታ ምን እንደ ካዳችሁ፤ ምንም እንደ መሰከራችሁ ንገሩት። በስሙ ቀንና በበዓል ልብስ መግዛት መልካም ነው፤ ይህ ግን ከልብሱ ይቀድማል። የመለሳችሁትን የረሳችሁ ብትኖሩ ወደ ካህኑ ሂዱና ጠይቁ፤ ቃሉ በመጽሐፈ ክርስትና ተጽፎ ይገኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።