ያረጀ የበዓል ጌጥ በርካሽ መግዛት ቁጠባ ነውን?

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ቁጠባ መልካም ጠባይ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ስስትም ክፉ ጠባይ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይሄዳሉና ከሩቅ ሲያዩዋቸው ለመለየት ያስቸግራሉ። ቆጣቢው ርካሽ ይፈልጋል፤ ስስታሙም ርካሽ ይፈልጋል። ቆጣቢው አሮጌውን አይጥልም፤ ስስታሙም አሮጌውን አይጥልም። እንግዲህ ልዩነታቸው በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ በአንድ ትንሽ ነገር፥ ይኸውም በልደት በዓል ሰሞን በሚገዛ አሮጌ ጌጥ እንመርምረው። ሰው በትልቅ ነገር ይጠነቀቃል፤ በትንሽ ነገር ግን ልቡ እንዳለ ይታያልና።

በአሜሪካ አገር ሰዎች የማይፈልጉትን ልብስና ዕቃ በነጻ የሚሰጡባቸው፥ ሌሎችም ያንኑ በጥቂት ዋጋ የሚገዙባቸው መደብሮች በየከተማው አሉ። ከእነዚህ አንዱ ጉድዊል የሚባለው ማኅበር ነው፤ ትርጓሜውም በጎ ፈቃድ ማለት ነው። መነሻው በ1902 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ከባለጸጎች ቤት ያረጀ ልብስና ዕቃ በጆንያ ይሰበስብ ነበር፤ ሥራ ያጡትንም ድኾች ያንን እንዲያድሱና እንዲጠግኑ ቀጥሮ፥ ከሽያጩ ገንዘብ ደመወዝ ይከፍላቸው ነበር። አሳቡም ድኻ እጁን ዘርግቶ ከሚቀበል ይልቅ በእጁ ሠርቶ ይብላ የሚል ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ይገዛል። በመርካቶም ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ አንዱ የጣለው ብረትና ቆርቆሮ በሌላው እጅ ታድሶ እንደ ገና ዕቃ ይሆናል። ሰልባጅ ለብሶ ያደገ ልጅም በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አሮጌ መግዛት ውርደት እንዳይደለ ማስረዳት አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን አሮጌ በመግዛት ውስጥ የሚሰወረውን ፈተና ማወቅ ነው።

የፈረንጆች ልደት ሲቃረብ በእነዚያ መደብሮች መደርደሪያ ላይ የቀድሞ ዘመን ጌጥ ይበዛል። ከእነርሱም መካከል በዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ቀጭን የመስታወት ኳስ አለ። የዚህን ኳስ ታሪክ ማወቅ ለነገራችን ይጠቅማል። በጀርመን አገር በቱሪንጊያ አውራጃ ላውሻ በምትባል ከተማ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት፥ መስታወት የሚነፉ ሰዎች ከነቤተ ሰባቸው በየቤታቸው ይሠሩት ነበር፤ አባት ይነፋል፥ እናትና ልጆች ያብለጨልጩታል፥ ቀለምም ይቀቡታል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮም ዎልዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ ይሸጠው ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማክስ ኤካርት የተባለው ነጋዴ ጦርነት ከጀርመን የሚመጣውን ዕቃ እንዳይዘጋበት ፈራ፤ ስለዚህም ኮርኒንግ የሚባለው የመስታወት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ አምፖል በሚሠራበት መኪና እንዲሠራለት አደረገ። በ1939 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ግዛት ዌልስቦሮ በምትባል ከተማ መኪናው ኳሱን በብዛት አወጣ፤ ኤካርትም ሻይኒ ብራይት በሚል ስም ሸጠው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በደረሰ ጊዜ ግን ብረትና ሌላው ማዕድን ለጦር ስለ ተፈለገ፥ ኳሱ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ቅብ አጣ፤ በላዩ ላይ ጥቂት የቀለም መስመር ብቻ ተሰመረበት፤ የብረቱ ክዳንም ቀርቶ በወረቀት ተተካ።

ይህን ልብ እናድርግ። ያ በወረቀት ክዳን የተሰቀለው ኳስ የእጦት ልጅ ነበረ። በዚያ ዘመን የገዛው ሰው ልጁ ወይም ወንድሙ በጦር ሜዳ ሳለ፥ ባገኘው ነገር በዓሉን ለማክበር ገዛው። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ያንኑ የእጦት ጌጥ ፈልገው በብዙ ዋጋ ይገዙታል። ለድኻ የተሠራው የባለጸጋ መጫወቻ ሆነ። ጌጡ ያው ነው፤ የተለወጠው የፈላጊው ልብ ነው።

አሁን አንዲት ሴት በአሳባችን እናቁም። ከኢትዮጵያ ወጥታ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት እንበል። ለታናሹ ልጅዋ ካፖርት ልትገዛ ወደ አንድ የልባሽ ዕቃ መደብር ገባች፤ በ8 ዶላርም አገኘች። ልትወጣ ስትል በመደርደሪያ ላይ አንድ የወረቀት ሣጥን አየች፤ በውስጡም ከእነዚያ የጦርነት ዘመን ኳሶች 12ቱ ነበሩ። በክዳኑም ላይ አንድ ሕፃን በተጣመመ ፊደል ስሙን ጽፎበታል። ዋጋው 3 ዶላር ነው። እርስዋ ግን ሰብሳቢ ለእንዲህ ያለው ሣጥን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ እንደሚሰጥ ታውቃለች። ምን ታድርግ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ያስፈልጋታልን የሚል ነው። አንዳንድ ጥብቅ ሰው፥ ካፖርት ያስፈልጋል፥ ጌጥ ግን አያስፈልግም ይላል። እኔ እንዲህ አልልም። እኛ በገና ዕለት በቤታችን ወለል ላይ ቄጠማ እንጐዘጕዛለን፤ ቄጠማ አይበላም፥ አይለበስም፥ በማግሥቱም ተጠርጎ ይጣላል፤ ሆኖም ማንም ብክነት ነው አይለውም። ሰው በእንጀራ ብቻ የማይረካ ፍጥረት ስለ ሆነ ለደስታው ምልክት ይሻልና። ነገር ግን ርካሽ መሆኑ ብቻ መግዣ ምክንያት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በ3 ዶላር የተገዛ 20 ሣጥን 60 ዶላር ነው፤ ያም ለአገር ቤት እናት የበዓል ዶሮና ቅቤ ሊሆን ይችል ነበር። ከዋጋው ስንት እንደ ተቀነሰ የሚቆጥር፥ ከኪሱ ስንት እንደ ወጣ ግን የማይቆጥር ሰው ቆጣቢ አይባልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። የዕቃውን ዋጋ እያወቀች ዝም ብላ በ3 ዶላር ልትወስደው ይገባታልን? አንዳንዱ፥ ሻጩ ዋጋ ቆረጠ፥ እርስዋም የተጠየቀችውን ከፈለች፥ ምን በደል አለ? ይላል። ይህ ቃል በሁለት ነጋዴዎች መካከል ብዙ እውነት አለው፤ ሁለቱም ገበያውን የሚያውቁ ናቸውና፥ ያንዱ ትጋት ለሌላው ዕዳ አይሆንም። በዚያ መደብር ግን ዋጋውን የጻፈው ዕቃውን የማያውቅ ሰው ነው፤ ከሽያጩም የሚገኘው ገንዘብ ሥራ ላጣው ሰው መርጃ ነው። እንግዲህ እርስዋ ሣጥኑን ለቤትዋ ብትገዛው፥ መደብሩም ሆነ ማንም አልተጐዳም፤ ሻጩ የፈለገውን አገኘ፥ ልጆችዋም ተደሰቱ። በማግሥቱ በብዙ ዋጋ ልትሸጠው ብላ ብትገዛው ግን፥ ያ ትርፍ የዕውቀትዋ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ሰጪው ለድኻ ብሎ የሰጠው ነው። ይህን ለሕግ ሰው ብንነግረው ስርቆት አይለውም፤ እኔም አልለውም። ነገር ግን ከትርፉ ለዚያው ሥራ ድርሻ ሳይመልሱ መተኛት ለሕሊና ከባድ ይመስለኛል።

ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ አሮጊት፥ «እመቤቴ፥ ይህ ነገር ዋጋ ያለው ይሆን? እርስዎ ያውቁታልን?» ብላ ብትጠይቃትስ? ከዚህ በኋላ ዝምታ ዝምታ መሆኑ ይቀራል። «ምንም አይደለም፥ የልጆች መጫወቻ ነው» ብላ ብትመልስ በ3 ዶላር ሣጥኑን ገዛች፥ እውነትዋን ግን ሸጠች። ከዚህ የሚከፋ ግብይት የለም፤ ኳሱ ይሰበራል፥ ውሸቱ ግን ዛፉ በተሰቀለ ቍጥር ትዝ ይላታልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ከኋላዋ ስለሚመጣው ሰው ነው። ጌጡን ብትወስድ የተራቆተ ሰው አይኖርም። ካፖርቱን በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለልጅዋ አንድ ካፖርት ብትገዛ መልካም ነው፤ ርካሽ ነው ብላ አሥሩን ሰብስባ ሌላ ስፍራ ብትቸረችር ግን፥ ከኋላዋ በብርድ የቆመችው እናት ባዶ እጅዋን ትመለሳለች። ስለዚህ መለኪያው የዕቃው አሮጌነት ወይም የዋጋው ትንሽነት አይደለም። እኔ ስወስድ የሚጐድልበት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ወደ ሰጪው ይዞራል፤ ሁላችንም አንድ ቀን ሰጪ እንሆናለንና። የቀድሞ ዘመን ጌጥ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በዛፍ ላይ እንደ ብር የሚንጠለጠለው ክር ቀድሞ እርሳስ ከሚባለው መርዛም ማዕድን ይሠራ ነበር፤ በአሜሪካ መሸጡን እንዲያቆሙ ሠሪዎቹና አስመጪዎቹ የተስማሙት በ1972 ዓ.ም. ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት ለበረዶ አምሳያ የተሸጠው ነጭ ብናኝም አንዳንዱ ሳንባን የሚጐዳው አስቤስቶስ ነበር። የአሮጌ መብራት ሽቦም ልባሱ ተሰነጣጥቆ እሳት ያስነሣል። እንዲህ ያለውን ነገር እያወቀ በሣጥን አድርጎ ለድኾች መደብር የሚሰጥ ሰው ቤቱን አጸዳ እንጂ ምጽዋት አልሰጠም። ለልጅህ የማትሰጠውን ለማታውቀው ልጅ አትስጥ።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ጊዜ ነው፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ ይህን እፈራለሁ። በአሜሪካ ከሚከበረው ልደት እስከ እኛ ገና 13 ቀን አለ። በእነዚህ ቀኖች ብዙ መደብሮች የጌጥን ዋጋ ይቀንሳሉ፤ የአገራችን ሰውም ርካሹን ሊይዝ ከመደብር ወደ መደብር ይሮጣል። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ሊያልቅ ነው፥ የሥራው ሰዓት በዝቶአል፥ ብርዱ ጠንክሮአል፥ የቤት ኪራይም ደርሶአል። ከዚህ ሁሉ የተረፈችውን ጥቂት ጊዜ ጌጥ ፍለጋ ከበላት ለሰው ምን ይቀራል? በዚያው ሕንጻ፥ ከበርዋ ማዶ፥ ልጆችዋ ርቀው የሄዱባት ባልቴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ቤት የሚያጌጠው ለእንግዳ ነው፤ በጌጥ ምክንያት እንግዳ ካልተጠራ ጌጡ ለማን ነው? የልደቱ ጌታ የተወለደው በእንግዳ ማረፊያ ቦታ ታጥቶ በግርግም እንደ ነበረ ሁላችን ሰምተናል። ያን ቀን የጐደለው የቤት ጌጥ አልነበረም፤ በሩን የሚከፍት ሰው ነበረ።

በክዳኑ ላይ ስሙን የጻፈውንም ሕፃን አንርሳ። ዛሬ ሸምግሎአል ወይም ሞቶአል። እናቱ በጦርነት ዓመት የገዛችለትን ሣጥን ቤቱን ያራገፉት ሰዎች ከሌላ ዕቃ ጋራ ሰጥተውታል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከማያውቀው ቤት ርስት ይቀበላል። በዚያ ሣጥን ዙሪያ ሳቅ ነበረ፥ ዕንባም ነበረ። እኛም ለልጆቻችን የምንሰበስበው አንድ ቀን በእንግዳ መደርደሪያ ላይ በ3 ዶላር ይቀመጣል። ይህ አሳብ ሊያሳዝነን አይገባም፤ እጃችንን ሊያላላልን ይገባል እንጂ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ የያዝነውን ነገር አጥብቆ መያዝ ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ የቁጠባና የስስት መለያቸው በሦስት ጊዜ ይታያል። ከመግዛት በፊት፥ የምሻው ዕቃውን ነው ወይስ ርካሽነቱን ብለህ ልብህን ጠይቅ። በመግዛት ጊዜ፥ ለሻጩ እውነት፥ ከኋላህ ላለውም ድርሻ መቅረቱን ተመልከት። ከገዛህም በኋላ፥ የተረፈው ገንዘብና ጊዜ ወዴት እንደ ሄደ መርምር። ቆጣቢ ሰው ከራሱ ቀንሶ ለሌላ ያተርፋል፤ ስስታም ግን ከሌላው ቀንሶ ለራሱ ያተርፋል።

ያች እናትም፥ በእኔ ምክር ብትሄድ፥ ሣጥኑን ትግዛ። ለጠየቀቻት አሮጊት እውነቱን ትንገር፤ ምናልባት ዋጋው ይጨመርባት ይሆናል፥ ምናልባትም ባዶ እጅዋን ትወጣ ይሆናል፤ ቢሆንም ግን ምንም አልጠፋባትም፤ ካፖርቱ በእጅዋ ነውና። ሣጥኑ ቢሰጣት ግን 12ቱን ኳሶች ከልጆችዋ ጋራ ትስቀል፥ በክዳኑም ላይ ያለውን ስም አታጥፋው። በገናም ዋዜማ ከበርዋ ማዶ ያለችውን ባልቴት አንኳኵታ ትጥራት።